ቃል የጠፋበት ሰው ልቡም ጠፍቷልን? ከአንጎል ጉዳት በኋላ ትኩረትን ስለ መመርመር

አንድ ሰው ተጠይቆ ሳይመልስ ሲቀር ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ድምፁን አልሰማ ይሆናል፤ ድምፁን ሰምቶ የቃሉ ትርጉም አልደረሰው ይሆናል፤ ትርጉሙ ደርሶት የሚመልስበትን ቃል አጥቶ ይሆናል፤ ወይም ይህ ሁሉ ሳይጎድለው በዚያች ሰዓት ሐሳቡ ከጠያቂው ጋር አልነበረ ይሆናል። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ግን አራቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አራተኛውን፣ ማለትም የትኩረትን ጉድለት፣ ከሦስቱ ለይቶ ማወቅ እንዴት እንደሚቻል ለተማሪ ጓደኞቻችን ማስረዳት ነው። ነገሩ ለሐኪም ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ አባት ታሞ ንግግሩን ባጣ ጊዜ «ልቡ የለም» ተብሎ ከተፈረደበት፣ ቤቱም ገንዘቡም ልጆቹም በሌላ ሰው ቃል ይተዳደራሉ። ፍርዱ ስሕተት ቢሆን ይግባኝ የሚልበት አንደበት የለውም።

1. የቋንቋ መታወክ ምን ማለት ነው?

ቀድሞ በደንብ ይናገር፣ ሰምቶ ይረዳ፣ ያነብና ይጽፍ የነበረ ሰው አንጎሉ ከተጎዳ በኋላ እነዚህን ችሎታዎች በከፊል ወይም በሙሉ ሲያጣ ሁኔታው አፌዥያ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስትሮክ ነው፤ ይኸውም ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርሰው አደጋ ነው። የመኪና አደጋ፣ ከከፍታ መውደቅና በአንጎል ውስጥ የሚበቅል ዕጢም ያመጡታል። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል በመጀመሪያው ጊዜ የቋንቋ መታወክ ይታይበታል። በቀኝ እጃቸው ከሚሠሩ ሰዎች በአብዛኛዎቹ የቋንቋ ሥራ የሚከናወነው በአንጎል ግራ ክፍል ነው። ያው ክፍል የቀኙን የአካል ጎን ስለሚያዝ፣ ንግግር ሲታወክ ብዙ ጊዜ ቀኝ እጅና እግርም አብረው ይዝላሉ።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ሕመምተኛ ለዓለም አስታወቀ። ሰውየው ምንም ቢጠየቅ «ታን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር፤ የሚነገረውን ግን በአብዛኛው ይረዳ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ቬርኒኬ ደግሞ በ1874 እ.ኤ.አ. ሌላውን ዓይነት ገለጸ። እነዚህኞቹ ንግግራቸው ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ ነገር ግን ቃሉ የተዘበራረቀ ነው፤ የሌላውንም ሰው ንግግር ለመረዳት ይቸገራሉ። የፊተኛውን ያየ ጎረቤት «ደነዘዘ» ይላል፤ የኋለኛውን ያየ «አበደ» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች ቃልን ብቻ አይተው የተሰጡ ናቸው።

2. ከታሪካችን አንድ ምሳሌ

የልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነት በግንቦት 1901 ዓ.ም. ከታወጀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክን ጽኑ ሕመም መታቸው። አካላቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ቆዩ። በዚያ ዘመን የመንግሥቱ ሥራ በመጀመሪያ በእቴጌ ጣይቱ እጅ ነበር፤ ቀጥሎም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ፤ ከእርሳቸው ሞት በኋላ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ኢያሱ አዘነበለ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ሕመም የምርመራ ስም መስጠት አይገባም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ንጉሡ ይሰማሉን? ያስተውላሉን? ፈቃዳቸውስ ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ የአገር ጥያቄ ነበር። ከማይናገር ሰው ማስተዋልን ለይቶ የሚለካ ጥበብ በዚያን ጊዜ በዓለምም ገና ጀማሪ ነበር። ዛሬ ይህ ጥበብ አለ፤ ጥያቄውም በቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ይነሣል።

3. ትኩረት አንድ ነገር አይደለም

አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ሲሉ የትኩረትን ነገር በአጭሩ ተናግረውታል። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን ለምርመራ እንዲመች በዓይነት ይከፍሉታል። በ1987 እ.ኤ.አ. ሶልበርግና ማቲር የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቀረቡት አከፋፈል እስከ ዛሬ በብዙ ሐኪም ቤት ይሠራበታል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ) ጸንቶ የሚቆይ ትኩረት፤ ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጠብቅ በአንድ ሥራ ላይ ሳይዝሉ መቆየት።
ለ) መራጭ ትኩረት፤ በጫጫታ መካከል የሚፈለገውን ይዞ የማይፈለገውን መተው።
ሐ) ተዘዋዋሪ ትኩረት፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ተሻግሮ እንደገና መመለስ።
መ) የተከፈለ ትኩረት፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ማከናወን፤ ወጥ እያማሰሉ ከእንግዳ ጋር እንደ መጫወት።

ይህ ሁሉ ከቋንቋ ጋር ምን አገናኘው? የአማርኛን ዓረፍተ ነገር እንመልከት። «ወንድምህ ትናንት ከገበያ የገዛውን ጤፍ ለእናቱ አልሰጣትም» ስንል አድራጊው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተደረገ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገሩ መደረግ አለመደረጉ የተቋጠረው በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ሰሚው የፊተኞቹን ቃላት ይዞ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት። ትኩረቱ በመካከል የተቆረጠበት ሰው «ሰጣት ወይስ አልሰጣትም?» ተብሎ ቢጠየቅ ይሳሳታል፤ መርማሪውም «አማርኛ አይገባውም» ብሎ ይጽፋል። እንግዲህ የትኩረት ጉድለት የቋንቋ ጉድለት መስሎ ይታያል ማለት ነው። የቋንቋ ጉድለትም የትኩረት ጉድለት መስሎ እንደሚታይ ቀጥለን እናያለን።

4. የተለመዱት ፈተናዎች ለምን ያሳስታሉ?

በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት አጫጭር የአእምሮ ፈተናዎች አንዱ በ1975 እ.ኤ.አ. ፎልስታይንና ባልደረቦቹ ያወጡት ባለ 30 ነጥብ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና ትኩረት የሚለካው ከ100 እየተነሡ 7 በመቀነስ ነው፤ 93፣ 86፣ 79፣ 72፣ 65 እያሉ መቁጠር ነው። የቁጥርን ስም መጥራት ያቃተው ሰው ስሌቱን በልቡ ቢሠራው እንኳ ዜሮ ያገኛል። ከ30 ነጥብ ውስጥ በቃል ላይ የማይመካው፣ ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ስዕሎችን መገልበጥ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፤ እርሱም 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከባድ አፌዥያ ያለበት ሰው በዚህ ፈተና መውደቁ ስለ ቋንቋው እንጂ ስለ ልቡ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው።

በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው የስትሩፕ ፈተና ደግሞ በሌላ ቀለም የተጻፈን የቀለም ስም አይቶ ቀለሙን እንዲናገሩ ያዛል፤ ማንበብንም መናገርንም ይፈልጋል። ቁጥሮችን ሰምቶ በቅደም ተከተል መድገምም እንዲሁ ነው።

ፈተናዎቹ ወደ አማርኛ ሲመጡ ሌላ ችግር ይጨመራል። የቁጥሮቻችንን ስም እንቁጠር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት «አንድ» እና «ሦስት» ብቻ በአንድ ትንፋሽ የሚባሉ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ናቸው፤ የቀሩት ሰባቱ ባለ ሁለት ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ባለ ሁለቱ የሰባት ስም ብቻ ነው። ረጅም ስም በጆሮና በልብ ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛል። ኤሊስና ሄነሊ በ1980 እ.ኤ.አ. የዌልስንና የእንግሊዝን ቋንቋ አስተያይተው፣ የቁጥር ስሞችን ለመጥራት ብዙ ጊዜ በሚወስድ ቋንቋ የሚያዘው የቁጥር ብዛት እንደሚያንስ አሳይተዋል። በእንግሊዝ ሰዎች የተመሠረተን መለኪያ በቀጥታ ለኛ ሰው ማዋል ጤነኛውን ሳይቀር ያሳንሳል።

የፊደላችንም ነገር ራሱን የቻለ ነው። ቁጥርንና ፊደልን እያፈራረቁ በመስመር የሚያገናኙበት የታወቀ ፈተና አለ፤ በላቲን ፊደል ከ1 ወደ መጀመሪያው ፊደል፣ ከዚያ ወደ 2፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ፊደል ይኬዳል። በኛስ ከ«ሀ» ቀጥሎ የሚመጣው ማን ነው? ወደ ጎን ለቆጠረ «ሁ» ነው፤ ወደ ታች ለወረደ «ለ» ነው። 33ቱን ፊደላት ከነ ሰባት ሰባት ቤታቸው፣ በጠቅላላው 231 አድርጎ የተማረ ሰው በሁለቱም መንገድ ትክክል ነው። መርማሪው አስቀድሞ ካላስረዳ የራሱን መመሪያ ጉድለት በታማሚው ትኩረት ላይ ይጽፈዋል። እንዲሁም «ሀ በሰማህ ቁጥር ጠረጴዛውን ምታ» የሚል ፈተና ቢሰጥና ከሚነበቡት መካከል ሐመሩ «ሐ» ወይም ብዙኃኑ «ኀ» ቢኖር፣ በጆሮ አንድ ስለሆኑ ታማሚው መምታቱ ስሕተት ሊባል አይችልም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያውም ፈተና አይደለም።

5. ያለ ቃል መመርመር፦ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ከፈተና በፊት አካሉን መመርመር ነው። ጆሮው ይሰማልን? መነጽር ካለው ይዟልን? ከአንጎል ጉዳት በኋላ የአንድ ጎን እይታ ሊጠፋ ይችላል፤ ወይም ዓይን ሳይጎድለው ሰው አንዱን ጎን ጨርሶ ሊረሳ ይችላል። ይህ መርሳት የቀኝ አንጎል ሲጎዳ በግራ በኩል ይበረታል፤ የግራ አንጎል ሲጎዳም በቀኝ በኩል ይታያል። ቀኝ እጁ የዛለበት ሰው በግራ እጁ ሲሠራ መዘግየቱ የትኩረት ጉድለት አይደለም። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት፣ ድካምና ኀዘንም ይታሰቡ፤ ከስትሮክ በኋላ ጽኑ የመንፈስ ጭንቀት የሚይዛቸው ብዙዎች ናቸውና።

ሁለተኛ፣ የአነጋገር ክብር ነው። ወጣት ተማሪ የስድሳ ዓመት ሰው ፊት ተቀምጦ እንደ ሕፃን ቢያባብል ወይም «አንተ» ቢል፣ የሚያገኘው ዝምታ የቅያሜ ዝምታ ሊሆን ይችላል። «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብሎ፣ በ«እርስዎ» አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገር። ደግሞም ከመካከላችን ብዙ ሰው «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ» እንደሚል አይርሳ፤ ይህን የማያውቅ መርማሪ መልሱን እንደ ሲቃ ይቆጥረዋል። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ለሚናገር ሰው ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሻል ከቤተሰብ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ የ«አዎ» እና የ«አይደለም»ን እርግጠኝነት መፈተን ነው። አንዱን ነገር በሁለት ፊት መጠየቅ ይገባል፤ «አሁን ቀን ነው?» ካሉ በኋላ ቆይቶ «አሁን ሌሊት ነው?» ማለት። ለሁሉም «አዎ» የሚል ሰው መልሱ መረጃ አይሆንም።

አራተኛ፣ መመሪያን በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ማሳየት ነው። መርማሪው ራሱ ሠርቶ ያሳይ፤ ቀጥሎ አብረው ይሥሩ፤ ከዚያ ታማሚው ብቻውን ይለማመድ። ልምምዱን በትክክል ሳይፈጽም ዋናው ፈተና አይጀመር። ሥራው ያልገባውን ሰው ትኩረት መለካት አይቻልምና።

አምስተኛ፣ ፈተናው ራሱ ነው። ለጸና ትኩረት፦ መርማሪው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ሲመታ ታማሚው አንድ ጊዜ ይምታ፤ ሁለት ጊዜ ሲመታ ግን ዝም ይበል። ይህ ለብዙ ደቂቃ ቢቀጥል መጀመሪያ ትክክል የነበረው መጨረሻ ላይ የሚላላ መሆኑ ይታያል። ለመራጭ ትኩረት፦ በአንድ ወረቀት ላይ ጀበናዎችና ሲኒዎች ተደባልቀው ይሳሉና ጀበናዎቹን ብቻ እንዲሰርዝ ይደረጋል። የተዘለሉት በየትኛው ጎን እንደ በዙ፣ በስሕተት የተሰረዙትም ስንት እንደ ሆኑ ይቆጠራሉ። ለተዘዋዋሪ ትኩረት፦ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውና አፌዥያ ላለባቸው ታስቦ የተሠራው የኦክስፎርድ ምርመራ ፊደልን ትቶ ክብንና ሦስት ማዕዘንን በየመጠናቸው እያፈራረቁ ማገናኘትን ይጠቀማል፤ ይህ ላልተማረም ሰው ይሆናል። የታየን ነገር በልብ ለመያዝ፦ ዘጠኝ የእንጨት ኩቦች በሰሌዳ ላይ ተደርገው መርማሪው የነካቸውን በቅደም ተከተል እንዲነካ ማድረግ ነው፤ ይህ በኮርሲ ስም የታወቀው ነው። ለተከፈለ ትኩረት፦ ስረዛውና የምት ፈተናው በመጀመሪያ ለየብቻ፣ በኋላም አብረው ይሰጡና ልዩነቱ ይመዘናል።

ስድስተኛ፣ በሌላ ቀን መድገም ነው። ቃሉን ያጣ ሰው ዛሬም ነገም በዚያው ዓይነት ጥያቄ ላይ ይቸገራል፤ ትኩረቱ የታወከ ሰው ግን ማለዳ የሠራውን ከሰዓት በኋላ ያጣዋል፤ ነገ ደግሞ ይሠራዋል። ይህ መዋዠቅ ትልቅ ምልክት ነው።

6. ጎተራ ላይ የሚሰጠው ፈተና

በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ደህና የሠራ ሰው ውጭ ሲወጣ ሊጠፋ ይችላል። ስሙን ከእህል ጎተራ ያገኘውን፣ ዛሬ ግን በማሳለጫ መንገዱና በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ የሚታወቀውን ጎተራን እንውሰድ። ከሕንፃው ወርዶ ታክሲ ለመያዝ የሚሻ ሰው መኪና ከየት እንደሚመጣ ያያል፤ ረዳቶቹ «ሳሪስ፣ አቦ፣ ቃሊቲ» እያሉ ሲጮኹ የእርሱን ሰፈር ለይቶ ይሰማል፤ ገንዘቡን አውጥቶ መልሱን ይቆጥራል፤ ጎረቤቱም በዚያው ሰዓት ሰላምታ ይሰጠዋል። በአንድ ጊዜ የትኩረት ዓይነቶች ሁሉ ተጠሩ ማለት ነው። አፌዥያ ላለበት ሰው ደግሞ ቀድሞ በራሱ ይፈስስ የነበረው ንግግር አሁን ኃይል የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል።

ላውራ መሪና ባልደረቦቿ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት፣ ቀላል አፌዥያ ያለባቸው ሰዎች ድምፆችን እየለዩ ስዕል እንዲገልጹ ሲደረግ ንግግራቸው ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ ደከመ፤ ጤነኞቹ ያን ያህል አልተጎዱም። ስለዚህ መርማሪ ከተቻለ ሰውየውን በቤቱና በመንገዱ ይመልከተው፤ አንድ ዓይነት አጭር ትእዛዝ መጀመሪያ በጸጥታ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ ተከፍቶ ይስጠው። በጸጥታ ፈጽሞ በሬዲዮ ካልፈጸመ የጎደለው አማርኛ አይደለም። ቤተሰቡም ከዚህ የሚማረው አለ፤ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ መነጋገር መድኃኒት ባይሆንም መንገድ ይከፍታል።

7. ውጤቱን ስለ መተርጎም

የቃል ፈተናው ደካማ ሆኖ ያለ ቃል የተሰጠው መልካም ከሆነ፣ ትኩረቱ አለ፤ የታወከው ቋንቋው ነው። ሁለቱም ከደከሙ ሁለቱም ታውከው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህም እንግዳ ነገር አይደለም፤ አፌዥያ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በትኩረትም ይቸገራሉ። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ታማሚን ላለመበደል ትኩረቱ ደህና ነው ማለት ይሻላል» ይሉ ይሆናል። ይህም ራሱ በደል ነው። ሥልጠናው ሁሉ በትኩረት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ጉድለቱ ካልታወቀ ረጅም ትምህርት በጫጫታ ክፍል ይሰጠዋል፤ ሲያቅተውም ሰነፍ ይባላል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ያለ ቃል የሚሰጥ ፈተና ከቋንቋ ፈጽሞ ነፃ አይደለም። ጤነኛ ሰው ሥራ ሲሠራ «አንድ ምት ሲሆን እመታለሁ» እያለ በልቡ ለራሱ ይናገራል። ይህ የውስጥ ንግግር የደከመበት ሰው ሕጉን ለመያዝ ይቸገራል። ስለዚህ ከአንድ ፈተና ፍርድ አይሰጥም፤ ብዙ ምስክር አንድ ቃል ሲናገር ነው የሚታመነው።

8. ነገሩ ስለ ምን ያገባናል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ነገር አስተዋይ ነው። በቁጥር 339 በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና የሥራውን ውጤት ማስተዋል ያልቻለውን ሰው ይመለከታል። መስማትና መናገር የተሳነውን፣ ዓይነ ስውሩንና በማይድን የአካል ጉድለት ራሱን ወይም ንብረቱን ማስተዳደር ያልቻለውን ግን በቁጥር 340 ለብቻው ያነሣል፤ የሕጉን ጥበቃ ለራሱ ጥቅም ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ሕጉ አንደበትን ከማስተዋል ለይቷል። መለየቱ በሥራ ላይ የሚውለው ግን ዳኛው ፊት የሚቀርበው የሐኪም ቃል ሁለቱን የለየ እንደ ሆነ ነው። ሐኪሙ በባለ 30 ነጥቡ ፈተና ብቻ ፈትኖ «አያስተውልም» ካለ፣ የሕጉ ጥበብ ከወረቀት አያልፍም።

ከኛ የሚፈለገው ሥራ ግልጽ ነው። የታማሚን ውጤት ለማመዛዘን የጤነኛ ሰው ውጤት ያስፈልጋል፤ ይህም በዕድሜ፣ በትምህርትና በቋንቋ ተከፋፍሎ መሰብሰብ አለበት። ዘጠኝ የእንጨት ኩብ፣ ጀበናና ሲኒ የተሳለበት ወረቀት፣ ሰዓትና ትዕግሥት ካለ ሥራው ይጀመራል። የሕክምና ተማሪ አካሉን፣ የሥነ ልቡና ተማሪ መለኪያውን፣ የቋንቋ ተማሪ ፊደሉንና ዓረፍተ ነገሩን፣ የሕግ ተማሪ ምስክርነቱን ያውቃል። አራቱ ለየብቻ ሲቀመጡ ግን አንዱም ሙሉውን ሰው አያይም። ከትምህርት ክፍል ወደ ትምህርት ክፍል ተጠራርተን አንድ የጋራ ጥናት ብናቋቁም፣ ለመመረቂያ የምንጽፈው ወረቀት በመደርደሪያ ከመቀመጥ አልፎ፣ ቃሉ ጠፍቶበት ልቡ ሳይጠፋ በቤቱ የተቀመጠውን ሰው ይደርስለታል።